ስሙ አንድ፣ ዘሩ ሌላ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው አምስት ደብዳቤዎች ከድሬዳዋና ከሐረር አካባቢ የደረሱን ሲሆኑ፣ እንደ አጋጣሚ ሆኖ አምስቱም የሚጠይቁት ስለ ግጦሽ ሣርና ስለ ተለዋዋጩ ዝናብ ነው። የመጀመሪያው ለሌሎቹ መሠረት ስለሚሆን መልሱን አስፍተን ጽፈነዋል።

ጥያቄ፦ በድሬዳዋ ዳር አራት የወተት ላሞች አረባለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሐረማያ ካሉ ዘመዶቼ የሮድስ ሣር የሥር ግንጣይ አምጥቼ በበልግ ተከልኩ። ጎረቤቴ ደግሞ በዚያው ሳምንት ከቆላው ከኤረር በኩል ካሉ ከብት አርቢዎች ያገኘውን የሮድስ ዘር ከአጥሩ ማዶ ዘራ። ዝናቡ ሲመጣ የእኔ ሣር ቅጠሉ ሰፍቶ፣ ቁመቱም አምሮ የጎረቤቴን አስናቀው። ጥር ላይ ግን የእኔው ነጥቶ ሲቀር የእርሱ ከሥሩ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ፤ ዘንድሮም እንዲሁ ሆነ። የግብርና ባለሙያው ሁለቱንም አገላብጦ አይቶ “ያው ሮድስ ነው” አለኝ። ያው ከሆነ ለምን አንድ ዓይነት አልሆነም? ተታልዬ ይሆን?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ አልተታለሉም፤ ባለሙያውም አልዋሸዎትም። ሁለቱም ሮድስ ሣር ናቸው። ነገር ግን “ሮድስ” የሚለው ስም የሚነግርዎት የዝርያውን መጠሪያ ብቻ ነው፤ በእጅዎ የገባው ሣር ወላጆቹ በየትኛው መሬት፣ በምን ያህል ዝናብና ሙቀት ስንት ትውልድ እንደኖሩ አይነግርዎትም። ማሽላም ማሽላ ነው፤ ሆኖም ሙይራንና ፈንዲሻን የሚያምታታ የሐረርጌ ገበሬ የለም። ለእህል ዘር ይህን ያህል የምንጠነቀቅ ሰዎች ነገሩ ሣር ሲሆን “ያው ሣር ነው” ብለን ማለፋችን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ምናልባት ሣርን ማንም ስለማይዘራው፣ ዝናብ የሚያበቅለውና ፀሐይ የሚወስደው ነገር አድርገን ማየት ስለለመድን ይሆናል።

የዕፀዋት ተመራማሪዎችም ቢሆኑ ልዩነቱን የተረዱት ተክሎችን ከየቦታው ነቅለው በአንድ መሬት ላይ ጎን ለጎን በመትከል ነው። ስዊድናዊው ጎተ ቱሬሰን ከባሕር ዳርቻ፣ ከሜዳና ከተራራ የሰበሰባቸውን የአንድ ዝርያ ተክሎች በአንድ የአትክልት ስፍራ ቢያሳድጋቸው፣ አፈሩና ውሃው አንድ ሆኖ ሳለ ብዙዎቹ የየትውልድ ቦታቸውን ጠባይ ይዘው ቀሩ፤ በነፋሻማው ዳርቻ መሬት ለጥፎ ያድግ የነበረው፣ በለማ አፈር ላይም መሬት ለጥፎ አደገ። እ.ኤ.አ. በ1922 በአንድ ዝርያ ውስጥ ሆነው ለየአካባቢያቸው ለተበጁት ለእነዚህ ወገኖች “ኢኮታይፕ” የሚል ስም አወጣላቸው። ከእርሱ በኋላ ክላውሰን፣ ኬክና ሂሴይ የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች በካሊፎርኒያ አንዱን ተክል ከሥሩ እየገነጠሉ፣ ልክ ዘመዶችዎ ሮድሱን እንደገነጠሉት ማለት ነው፣ ቁራጮቹን በሦስት ከፍታዎች ተከሉ፤ አንደኛው ቦታ ለባሕር ወለል የቀረበ፣ ሁለተኛው 1,400 ሜትር ገደማ፣ ሦስተኛው ከ3,000 ሜትር በላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 ያሳተሙት ውጤት ሁለት ነገሮችን ለይቶ አሳየ። አንድ ተክል እንደ ቦታው መጠኑንና ቅርጹን ይለውጣል፤ ይህ ለውጥ ግን ወሰን አለው፤ ወሰኑን የሚያበጀውም ዘረመሉ ነው። ከቆላ የመጣው ወገን በተራራው ላይ የበረዶውን ወቅት ማለፍ ተሳነው፤ የተራራውም ወገን ወደ ቆላ ሲወርድ ከስቶ ከአገሬው ተክል አነሰ።

እርስዎ ሳያስቡት ይህንኑ ሙከራ በደንገጎ ዳገት ግራና ቀኝ ሠርተውታል። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ሐረማያ ደግሞ 2,000 ሜትር ይጠጋል። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀት በአማካይ 6 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ፣ ከድሬዳዋ በሸሚዝ የተነሣ ተሳፋሪ መኪናው ጠመዝማዛውን ጨርሶ ደንገጎ ላይ ሲወጣ መስኮት የሚያዘጋው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው መስኮት ይዘጋል፤ ሣር ግን መስኮቱን የሚዘጋውና የሚከፍተው ከወላጆቹ በወረሰው ልክ ነው።

ዳገቱ ላይ የሚያሸንፈው ሣር ምን ዓይነት እንደሆነ እናስብ። ዝናቡ የተሻለና ፀሐዩ የለዘበ ከሆነ የሣሩ ችግር ጥማት ሳይሆን ጎረቤቱ ነው፤ ቶሎ ያልረዘመና ሰፊ ቅጠል ያልዘረጋ በሌላው ጥላ ሥር ይቀራል። ስለዚህ ትውልድ በትውልድ ላይ ዘር የሚያተርፈው ያገኘውን ስኳር ወደ ቅጠል የሚያውለው ነው። ቆላ ላይ ግን ሰፊ ቅጠል ዕዳ ነው፤ ውሃ የሚወጣው በቅጠሉ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች በመሆኑ ቅጠሉ በሰፋ መጠን አፈሩ ውስጥ ያለችው እርጥበት ቶሎ ታልቃለች። እዚያ ዘር የሚያተርፈው ጠባብ ቅጠል ያለው፣ ሥሩን ወደ ታች የሚሰድ፣ ቀዳዳዎቹን ጠዋት ከፍቶ ቀትር ላይ ቶሎ የሚዘጋ፣ ድርቅ ሲበረታም ላዩን አድርቆ እምቡጡን ከአፈር ሥር የሚያቆይ ነው። ከሐረማያ ያመጡት ሣር በዝናቡ ወራት ጎረቤትዎን ያስናቀበትም፣ በጥር የነጣበትም ምክንያት አንድ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ያ ያማረ ቅጠል ነው ውሃውን የጨረሰው።

በማሽላ ላይ ይህ ጉዳይ ከግጦሽ ሣር ይልቅ በጥልቀት ተጠንቷል፤ ማሽላም ራሱ ከሣር ወገን ስለሆነ ምሳሌው ለእርስዎ ሣርም ይሠራል። ከኢትዮጵያ ማሽላ የተገኘና በዓለም የዘር አዳቃዮች ዘንድ ቢ 35 ተብሎ የሚታወቅ የማሽላ ዘር አለ፤ እህሉ በሚሞላበት ጊዜ ድርቅ ሲመታው ሌላው ማሽላ ቅጠሉ ሲከስም የእርሱ አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል። ተመራማሪዎች ጠባዩን የሚሸከሙ አራት ዋና ዋና የክሮሞሶም ክፍሎች ለይተዋል። አስገራሚው ነገር እነዚህ ክፍሎች ድርቅን “የሚቋቋም” ልዩ ነገር የሚሠሩ አለመሆናቸው ነው። የሚያደርጉት ቡቃያው ገና በወጣትነቱ ቅርንጫፉን እንዲያሳንስና የላይኛው ቅጠሉን እንዲያጠብ ነው፤ በዚህም ከአበባ በፊት ያልተጠጣው ውሃ አፈሩ ውስጥ ይቀርና እህሉ በሚሞላበት በጭንቁ ወር ይደርስለታል። አረንጓዴነቱ የቁጠባው ውጤት ነው ማለት ነው። የሐረርን ሰንጋ በማሽላ ቅጠልና አገዳ የሚያደልብ ሰው ይህን ቢያውቅ የትኛውን ማሽላ ለእህል፣ የትኛውን ለመኖ እንደሚዘራ የበለጠ ያስብበታል።

ወደ እርስዎ እርሻ ስንመለስ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ምናልባትም ከከፍታው ያላነሰ ክብደት ያለው ነው። እርስዎ የተከሉት ግንጣይ ነው፤ ጎረቤትዎ የዘሩት ዘር ነው። ግንጣይ ከእናቱ ምንም ዓይነት የዘረመል ልዩነት የለውም፤ ዘመዶችዎ ከአንድ ወይም ከሁለት ጉቶ ገንጥለው ሰጥተዎት ከሆነ፣ ያ ሁሉ ማሳ በአንድ ወይም በሁለት ተክል የተሞላ ነው። ሮድስ ደግሞ በነፋስ ከሌላ ተክል ጋር የሚዳቀል ሣር በመሆኑ ዘሩ እንደ ወንድምና እህት እርስ በርሱ ይለያያል። ከመቶ ዘር ውስጥ ግማሹ የመጀመሪያውን የደረቅ ወቅት ባያልፍ እንኳ፣ የተረፈው ግማሽ በተሳቢ ግንዱ ባዶውን ቦታ ይሞላዋል፤ በሁለተኛው ዓመት የምናየው ማሳም በድሬዳዋ ፀሐይ ተመርጦ የቀረው ነው። የእርስዎ ማሳ ግን የሚመረጥበት ነገር የለውም፤ ቢቆም ሁሉም ይቆማል፣ ቢወድቅ ሁሉም ይወድቃል።

ከሁለቱ ምክንያቶች የትኛው እንደሚያይል ማወቅ ከፈለጉ ራስዎ መሞከር ይችላሉ። ከሁለቱም ማሳ አሥር አሥር ግንጣይ ይውሰዱ፤ ከጎረቤትዎ ሲወስዱ ከተለያዩ አሥር ጉቶዎች ይሁን። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ በአንድ መደብ ላይ እያፈራረቁ ይትከሉ። በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ አይትከሏቸው፤ ጀሪካን ሥርን ስለሚያግድ በጥልቅ ሥሩ የሚኖረውን ሣር ያለ ጥፋቱ ያሸንፈዋል። የመጀመሪያውን ወቅት ውሃ ይስጧቸው፤ ከቀድሞው መሬታቸው ይዘውት የመጡት ድካምም ሆነ ብርታት በዚያ ጊዜ ይጠፋል። ከዚያ ውሃውን አቁመው በየሳምንቱ ስንቱ ጉቶ አረንጓዴ እንደሆነ ይቁጠሩ። የካቲት ላይ ከአንዱ ጉቶ አንድ ክንድ ራቅ ብለው በዶማ ጉድጓድ ይቆፍሩና የጉድጓዱን ግድግዳ በውሃ ቀስ ብለው ያጥቡት፤ ሥሩ እስከ ምን ድረስ እንደወረደ በዓይንዎ ያዩታል። ዘመዶችዎም ያንኑ በሐረማያ ቢያደርጉና የኤረሩ ሣር እዚያ እንዴት እንደሚሆን ቢመለከቱ ሙከራው ሙሉ ይሆናል።

ጥያቄ፦ በሐረር ከተማ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪ “የአየር ንብረቱ ሲለወጥ ሣሩ ራሱስ አይለወጥም ወይ?” ብሎ ጠየቀኝና ዝግመተ ለውጥ ሚሊዮን ዓመታት የሚፈልግ ነገር ስለሆነ ለእኛ አይደርስልንም ብዬ መለስኩለት። መልሴ ትክክል ነበር?

መልስ፦ መምህር፣ አዲስ ዝርያ እስኪፈጠር ድረስ ስላለው ጊዜ ከሆነ ትክክል ነዎት። ተማሪዎ የጠየቀው ግን በአንድ ዝርያ ውስጥ ስላለው ለውጥ ይመስለኛል፤ ያ ደግሞ በሰው ዕድሜ፣ አንዳንዴም አንድ ተማሪ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል በሚደርስበት ጊዜ ውስጥ ሊታይ ይችላል።

ለክፍል ማስተማሪያ የሚሆነው ግልጽ ምሳሌ ከካሊፎርኒያ የመጣ ነው። ተመራማሪዎች የጎመን ወገን የሆነ አንድ ዓመታዊ ተክል ዘር እ.ኤ.አ. በ1997 ሰብስበው አስቀምጠው ነበር። ከ2000 እስከ 2004 ድርቅ ሆነ። ከድርቁ በኋላ ከዚያው ቦታ እንደገና ዘር ሰበሰቡና አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አበቀሉ። ከድርቁ የተረፉት ልጆች ከድርቁ በፊት ከነበሩት ከ2 እስከ 9 ቀን ገደማ ቀድመው አበቡ። ዘግይቶ የሚያብበው ዝናቡ ቀድሞት ስላለቀ ዘር ሳይሰጥ ሞተ፤ ቀድሞ የሚያብበው ተረፈ፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ዓመታዊ ላልሆነው የግጦሽ ሣር ነገሩ ይከብዳል። በእንግሊዝ አገር በበክስተን ኮረብታማ ግጦሽ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ተመራማሪዎች አንዳንዱን መደብ በሞቃቱ ወራት ዝናብ እየከለከሉ፣ አንዳንዱን እያሞቁ አቆይተዋል። ከ15 ዓመት በኋላ በመደቦቹ ላይ ያሉትን ተክሎች ዘረመል ሲመረምሩ፣ በጥቂት ሜትር ርቀት ላይ ያሉ የአንድ ዝርያ ተክሎች በዘረመል መለያየት ጀምረው አገኟቸው። በአሜሪካ በካንሳስ ኮንዛ በተባለው ሜዳ ደግሞ አጠቃላዩን የዝናብ መጠን ሳይቀንሱ በዝናብና በዝናብ መካከል ያለውን ደረቅ ጊዜ አስረዘሙት፤ ይህ እኛም አገር “ዝናቡ መጣ፣ ግን በአንድ ቀን ወረደና ሄደ” የምንለው ዓይነት ነው። በዚያ ሜዳ የሚገዛው ረጅም ሣር፣ የእኛ ሰንበሌጥ ዘመድ ነው፣ ከአሥር ዓመት በኋላ በአንድ መደብ ውስጥ የነበሩት የተለያዩ ወገኖቹ ቁጥር አነሰ፤ የቀሩት ግን እርስ በርሳቸው የሚለያዩት የበለጠ ሆነ። እኔ ይህን ሳነብ ነገሩን የተረዳሁት እንዲህ ነው፦ ተመሳሳዮቹ እርስ በርስ ለአንድ ውሃ ተሻምተው ተጨራረሱ፤ አንዱ ጥልቅ ሥር፣ ሌላው ፈጣን ቅጠል ይዘው ቦታ የተከፋፈሉት ቀሩ።

ለተማሪዎ ሁለት ማሳሰቢያ ያክሉለት። የመጀመሪያው ለውጥ የሚመጣው ከነበረው ውስጥ በመምረጥ ነው፤ ግጦሹ ላይ የቀሩት ጥቂት ወገኖች ብቻ ከሆኑ ድርቁ የሚመርጠው አያገኝም። ብዙ ሣሮች ዘር ሳይሰጡ በተሳቢ ግንድ ብቻ ይስፋፋሉ፤ አህያ “እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል” ያለችው ሰርዶን ብታውቅ አይመስለኝም፤ ምክንያቱም ሰርዶ አህያም ሞታ፣ ባለቤቷም ሞቶ፣ ያው አንዱ ተክል ሜዳውን ሞልቶ ሊቆይ ይችላል። ያ ብርታቱ ነው፤ ግን አንድ ተክል ሺህ ጊዜ ቢባዛ ያው አንድ ተክል ነው።

ሁለተኛው ሣሩን የሚመርጠው ዝናብ ብቻ ሳይሆን አፍም ጭምር መሆኑ ነው። በታንዛኒያ በሴሬንጌቲ እንስሳት አብዝተው ከሚግጡበት ሜዳ የተነቀሉ ሣሮች ማንም በማይግጥበት የአትክልት ስፍራ ሲተከሉ ብዙዎቹ እንዳጠሩ ቀሩ፤ አጭርነታቸው በዘራቸው ገብቷል። ቀና ያለው ሣር ዘር ሳይሰጥ እየተበላ፣ ያጎነበሰው እየተረፈ መጥቶ ማለት ነው። ከከተማው ዳር ባለው የጋራ ግጦሽ ላይ ሣሩ ከቁርጭምጭሚት በላይ አልወጣ ሲል “መሬቱ ደከመ” እንላለን፤ መሬቱም ሊደክም ይችላል፣ ነገር ግን በአጥር ቢከለልና ለጥቂት ዓመታት ቢታይ እውነቱ የት እንዳለ ይታወቃል። ለትምህርት ቤትዎ ግቢ አንድ ማዕዘን ይበቃል።

ጥያቄ፦ የገንደ ቆሬ ልጅ ነኝ፤ 12ኛ ክፍል ነኝ። ተክል የሚመገበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሆነ ጋዙ በአየር ላይ መብዛቱ ለሣር ጥሩ ነው የሚል ነገር አነበብኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድማችን፣ ግማሹ እውነት ነው፤ ግን ለየትኛው ተክል እንደሆነ መጠየቅ አለብህ። ፋብሪካ ሳይበዛ በፊት ከሚሊዮን የአየር እጅ 280 ያህሉ የነበረው ይህ ጋዝ ዛሬ ከ420 አልፏል። ተክሎች ጋዙን የሚይዙበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። ስንዴ፣ ገብስ፣ አብዛኛው ዛፍና ቁጥቋጦ ሲ3 በሚባለው ጥንታዊ መንገድ ይሠራሉ፤ ለእነርሱ ጋዙ ሲበዛ ምግቡ ቀረብ ይልላቸዋል። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳና የቆላው ግጦሽ ሣር አብዛኛው ግን ሲ4 ናቸው፤ ጋዙን መጀመሪያ በአንድ ሴል ይዘው ወደ ውስጠኛው ሴል እየገፉ የሚያጭቁበት ተጨማሪ ክፍል አላቸው። በሙቀትና በጥማት የሚበረቱትም በዚህ ነው፤ ቀዳዳቸውን በጥቂቱ ከፍተው ብዙ ይሠራሉ። ነገር ግን ቀድሞውንም ጋዙን ስለሚያጭቁ ከአየሩ መብዛት የሚያገኙት ጥቅም ትንሽ ነው።

ከዚህ ተነሥተን “እንግዲያው ቁጥቋጦው ይበረታል፣ ሣሩ ይሸነፋል” ማለት ይቻላል፤ በብዙ የአፍሪካ ሜዳዎች ላይ የሚታየው የቁጥቋጦ መስፋፋትም በከፊል ከዚህ ጋር ይያያዛል፤ ልቅ ግጦሽና የእሳት መቅረት ድርሻቸውን ሳንዘነጋ። ሆኖም ነገሩ ይህን ያህል ቀና አይደለም። በአሜሪካ በሚኔሶታ የሲ3 እና የሲ4 ሣሮችን 20 ዓመት ሙሉ ጋዝ እየጨመሩ ያሳደጉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት ውጤት፣ የመጀመሪያዎቹ 12 ዓመታት እንደተጠበቀው ሲ3 ሣሮች ተጠቀሙ፤ ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ ተገላብጦ ተጠቃሚዎቹ ሲ4 ሆኑ። አብሮ የታየው በአፈሩ ውስጥ ያለው የናይትሮጅን አቅርቦት ነው፤ በሲ4 መደቦች እየጨመረ፣ በሲ3 መደቦች እየቀነሰ ሄደ። ጥናቱ በአሥረኛው ዓመት ቢቆም ኖሮ ሁላችንም የተሳሳተ ነገር እናስተምር ነበር።

ለፈተናህ ባይመጣም ለዕውቀት የሚሆን አንድ ነገር ልጨምርልህ። አሎቴሮፕሲስ ሴሚያላታ የሚባል የአፍሪካ ሣር አለ፤ በዚህ አንድ ዝርያ ውስጥ ሲ3 የሆኑም፣ ሲ4 የሆኑም፣ በመካከል ያሉም ወገኖች ይገኛሉ። ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጋር አያይዘህ አንብበው።

ጥያቄ፦ በሐረር ዙሪያ ባለን መሬት ላይ ፋራምሲሳ ሣሩን አጥፍቶታል። የእኛ ሣር የማይችለውን ፀሐይ እርሱ እንዴት ቻለው?

መልስ፦ እመቤቴ፣ በአማርኛ ቅንጨ አረም የምንለው ይህ የአሜሪካ ተክል በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1988 በድሬዳዋና በሐረርጌ ነው። በበቀለ በአንድ ወር ወይም በወር ተኩል ያብባል፤ ለማበብ የቀን ርዝመት አይጠብቅም፤ አንዱ ተክል በሺዎች የሚቆጠር ዘር ይሰጣል፤ ከሥሩና ከቅጠሉ የሚወጣው መርዝም የጎረቤቱን ዘር ያቀጭጫል። የቅጠሉ አሠራር ራሱ በሲ3 እና በሲ4 መካከል ያለ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ትምህርት የሚሰጠው ግን በአውስትራሊያ የሆነው ነው። እዚያ ይኸው አረም ሁለት ጊዜ ገብቷል። አንዱ ወገን ገና ቀድሞ ገብቶ በአንድ ወረዳ ሳይስፋፋ ቀረ፤ ሌላው እ.ኤ.አ. በ1960 ከቴክሳስ ከመጣ የግጦሽ ሣር ዘር ጋር ተቀላቅሎ ገብቶ አገሩን አዳረሰ። አረሙም እንደ ሣሩ ስሙ አንድ፣ ዘሩ ሌላ ነው። ስለዚህ የሚገዙት የሣር ዘር በነጭ ጨርቅ ላይ ተበትኖ ሳይታይ ማሳ ውስጥ አይግባ። ያለውን ደግሞ ሳያብብ፣ አፈሩ እርጥብ ሳለ፣ እጅዎን ሸፍነው ይንቀሉት፤ ቆዳን ያሳክካል፤ ላም ከበላችውም ወተቱ ይመራል።

ጥያቄ፦ እኔና ጎረቤቶቼ የራሳችንን የሣር ዘር ለመሰብሰብ አስበናል። ከየት እንጀምር?

መልስ፦ ከቅርብዎ ይጀምሩ፤ ግን ከቅርብዎ ብቻ አይሰብስቡ። ይህ መልስ እርስ በርሱ የሚጣረስ ሊመስል ስለሚችል ላብራራው። የአካባቢው ዘር ለአካባቢው የተበጀ ነው፤ የተበጀው ግን ለትናንቱ አየር ነው። መጪው ጊዜ ሞቃታማ ከሆነ የሐረማያ ነገ የሐረርን፣ የሐረር ነገ ደግሞ ከሐረር ዝቅ ብሎ ያለውን የኤረር ሸለቆ ዛሬ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ አብዛኛውን ከአካባቢዎ፣ ጥቂቱን ከእናንተ በ200 ወይም በ300 ሜትር ዝቅ ካለ ቦታ ሰብስበው ቢያቀላቅሉ፣ ምርጫውን ለዝናቡ ይተዉለታል። በአንድ ጊዜ ከሐረማያ እስከ ድሬዳዋ መዝለል ግን፣ ከላይ የመጀመሪያው ጠያቂያችን እንዳዩት፣ ብዙ ጊዜ ያከስራል።

የድሮ ሣር የሚገኘው ከብት ከማይደርስበት ቦታ ነው፦ ከጥንት መቃብር ዳር፣ ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ቅጥር፣ ከባቡር ሐዲድ ግራና ቀኝ፣ ከቁልቋል አጥር ሥር። ባለቤቱን ወይም ጠባቂውን አስፈቅደው ይግቡ። ከ50 ካላነሱ፣ እርስ በርስ ራቅ ራቅ ካሉ ጉቶዎች ጥቂት ጥቂት ይውሰዱ፤ ያማረውን ብቻ አይምረጡ፤ ለድርቅ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከሲታው ነው። ከአንዱ ጉቶ ዘሩን ሁሉ ማራገፍ ግን ለቦታውም አይበጅም። የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትም፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም የመኖ ዘር ባንክም ከብዙ ቦታ የተሰበሰበ ዘር ያቆያሉ፤ የባንኩ ክምችት ከ18 ሺህ ናሙና በላይ ነው። በማኅበር ተደራጅተው በወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት በኩል ቢጠይቁ ይቀላል።

የሮድስን ዘር በተመለከተ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ዘሩ እንደ ላባ ስለሚቀል ከደረቅ አሸዋ ወይም ከመጋዝ ዱቄት ጋር ካልተቀላቀለ ነፋስ ይወስደዋል፤ ሲዘራም ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ መቀበር የለበትም። ደግሞም አዲስ የተሰበሰበው ከሦስት እስከ ስድስት ወር ተኝቶ መክረም ይፈልጋል፤ በጥቅምት የሰበሰቡትን በኅዳር ዘርተው ባይበቅል ሞተ ብለው አይጣሉት፤ በጆንያ አድርገው ደረቅና ጥላ ቦታ ላይ አኑረው ለበልግ ያቆዩት።